የእናት ምርመራ፣ የልጅ ኢንሹራንስ

ለተከበራችሁ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በ2008 የወጣው በዘረመል መረጃ መድልዎ ማድረግን የሚከለክለው ሕግ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ፣ የሕይወትና የአካል ጉዳት ኢንሹራንስን እንዲጨምር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሕግ መወሰኛና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፤

ይህ ደብዳቤ የሚመጣላችሁ ከሩቅ አይደለም። ከምክር ቤታችሁ በመኪና ብዙም በማያስኬድ ርቀት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በአማርኛ የሚነግድ፣ የሚቀድስና የሚከራከር ትልቅ ማኅበረሰብ አለ። ከዚህ ማኅበረሰብ ብዙ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው የሌላውን ሰው እናትና አባት በመጦር ነው። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ አዛውንት ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያጎርሳል። የመርሳት በሽታን ያወቀው ከሐኪም ቤት ወረቀት አይደለም። በገዛ ሳሎናቸው ተቀምጠው «ኧረ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» የሚሉ ሽማግሌን ማባበል የሥራው አንድ ክፍል ነው።

አሁን እነዚህ ጠዋሪዎች ራሳቸው እያረጁ ነው። በ1980ዎቹ በስደት መጥተው፣ ታክሲ ነድተውና ፓርኪንግ ጠብቀው ልጆቻቸውን ያስተማሩት ሰዎች ሰባ ዓመት እየደፈኑ ነው። ቅሬታው የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው፦ ሐኪም ያዘዘውን የዘረመል ምርመራ ያደረገ አንድ ሰው፣ በውጤቱ ምክንያት እሱም ሆነ ልጆቹ ለእርጅና የሚሆን ኢንሹራንስ ቢከለከሉ፣ ይህን የሚያግድ የፌዴራል ሕግ የለም።

መልካም ሥራን መካድ ነውር ነውና ምስጋናው ይቅደም። የ2008ቱ ሕግ ብዙ የተለፋበት ነው። በማይክሮባዮሎጂ የሠለጠኑት የኒውዮርክ ተወካይ ሉዊዝ ስሎተር ረቂቁን በ1995 አቅርበው፣ 13 ዓመት ሙሉ አልተዉትም። በመጨረሻ በሕግ መወሰኛው 95 ለ0፣ በተወካዮች ምክር ቤት 414 ለ1 አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ሜይ 21 ቀን 2008 ፈረሙበት። ዛሬ በዋሽንግተን ይህን ያህል ድምፅ የሚያሰባስብ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት የሰውን ዘረመል ወይም የቤተሰብ የሕመም ታሪክ አይቶ ክፍያ መጨመር አልቻለም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪም በዚህ ምክንያት ሰው ማባረር አይችልም።

ሕጉ ሳይነካቸው ያለፉት ኢንሹራንሶች ግን ሦስት ናቸው፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳት እና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ። ለካንሰር ወይም ለልብ ሕመም ይህ ክፍተት ያን ያህል ላይጎዳ ይችል ይሆናል። ለመርሳት በሽታ ግን ዋናው ነገር የቀረው እዚያ ውስጥ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአዛውንት የመንግሥት ኢንሹራንስ የሆስፒታልና የሐኪም ወጪ ይሸፍናል እንጂ ሰውን ለዓመታት የማጠቡን፣ የማልበሱንና የማጉረሱን ወጪ አይሸፍንም። ለድሆች የሚሆነው ሜዲኬይድ ይሸፍናል፤ ያውም ሕመምተኛው ጥሪቱን ጨርሶ ባዶ እጁን ሲቀር ነው። በነርሲንግ ሆም ለብቻ የሚያዝ ክፍል ዛሬ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሠላሳ ዓመት የተከፈለበት ቤት በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚህ ወጪ ሲሸጥ ያየ ሰው በየሰፈሩ አለ። እውነት ለመናገር፣ በሐበሻ ቤት «ልጆች አሉ» ተብሎ ይህ ኢንሹራንስ ችላ ሲባል ኖሯል። ልጆቹ ግን ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ የቤት ዕዳ ያለባቸው ናቸው፤ ማስታመሙ ሲመጣ ሥራ የምታቆመውም ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት።

ስለ ዘረመሉ ጥቂት መባል አለበት። በ1993 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የአለን ሮዝስ ቡድን፣ በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው አፖኢ የተባለ ዘረመል የመርሳት በሽታ ዋና ዓይነት ከሆነውና በእርጅና ከሚመጣው አልዛይመር ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። አፖኢ በሰው ላይ በዋናነት በሦስት ዓይነት ይገኛል፤ ሁለት፣ ሦስትና አራት በሚል ቁጥር ይጠራሉ። ሰው ሁሉ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። መዘዘኛው አራት ቁጥሩ ነው። በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ምንም ከሌለው ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ሁለት ቅጂ የያዘው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ ቅጂ አለው።

ይህ ግን ዕድል ነው፤ ፍርድ አይደለም። አራት ቁጥርን ይዘው አእምሯቸው ሳይናጋ ዘጠና ዓመት የሚደፍኑ አሉ። ምንም ሳይኖራቸው የሚታመሙም ሞልተዋል። እንደ ፍርድ የሚቆጠሩት ሌሎች ናቸው። ፕሬሰኒሊን አንድ በሚባለው ዘረመል ላይ በሽታ አምጪ ለውጥ የወረሰ ሰው ገና በጉልምስናው ይታመማል፤ እንዲህ ያለው በዘር የተወሰነ አልዛይመር ግን ከጠቅላላው ሕመምተኛ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ2011 የተገኘው ሲ9ኦርፍ72 የተባለው የዘረመል ለውጥም ጠባይንና ንግግርን ለሚያበላሸው የፊተኛው አንጎል የመርሳት በሽታ ምክንያት ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ላይ የመድረስ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ለዕድልም ሆነ ለፍርድ ከለላ የለም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ሌካነማብ የተባለው መድኃኒት ጁላይ 2023 ከምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። በሽታውን አያድንም፤ 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የመባባሱን ፍጥነት በ18 ወር ውስጥ በ27 ከመቶ ቀንሷል። ዶናነማብ የተባለው በዓመቱ ተከተለው። ሁለቱም አንጎል ላይ እብጠትና የደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በምስል ብቻ የሚታይ ቢሆንም ለሞት ያደረሰበት ጊዜም አለ። አደጋውን ደግሞ የሚያከፋፍለው ያው አፖኢ ነው። በሌካነማብ ሙከራ እብጠቱ የታየው አራት ቁጥር ከሌላቸው ውስጥ በ5.4 ከመቶ፣ አንድ ቅጂ ካላቸው በ10.9 ከመቶ፣ ሁለት ካላቸው በ32.6 ከመቶው ላይ ነበር። ስለዚህ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የአፖኢ ምርመራ እንዲደረግ ይላል። ልክ ነው፤ ያለ ምርመራ መስጠት ሰውን ማጋለጥ ነው።

የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የነበሩት ጄምስ ዋትሰን በ2007 ሙሉ ዘረመላቸው ሲነበብ አንድ ነገር ብቻ እንዳይነገራቸው ጠይቀው ነበር፤ የአፖኢን ውጤት። ያን ጊዜ አለማወቅ ይቻል ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን ለሚፈልግ ሕመምተኛ ያ ምርጫ በጣም ጠቧል።

በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። 70 ዓመት የሞላቸው እናት፣ መርሳት የጀመራቸው፣ እንግሊዝኛቸው ለገበያ እንጂ ለነርቭ ሐኪም የማይበቃ። የሚያስተረጉምላቸው 40 ዓመት የሆነው ልጃቸው ነው፤ አስተርጓሚ ይቀርብ ቢባል እንኳ እሳቸው «ልጄ እያለ የምን ባዕድ» ይላሉ። ሐኪሙ ውጤቱን ያነባል፤ ሁለት ቅጂ። ልጁ ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ስለ ራሱም እየተነገረው ነው። እናቱ ሁለቱም ቅጂያቸው አራት ቁጥር ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ለእሱ መድረሱ የግድ ነው። ለእህቱም፣ ለወንድሙም። ምርመራውን አልጠየቀም፤ ፈቃድ አልፈረመም፤ ከመስማቱ በፊት ያማከረው ሰው የለም። የእናቱን የሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነበር የሚያስተረጉመው።

ከዓመት በኋላ ለልጆቹ ብሎ የሕይወት ኢንሹራንስ ሊገባ፣ ወይም እናቱን ያየ ነውና ለራሱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ሊገዛ ቢቀርብ፣ ቅጹ ስለ ወላጆቹ ሕመምና ስለ ምርመራ ይጠይቀዋል፤ የሕክምና መዝገቡ እንዲታይም ያስፈርመዋል። ቢዋሽ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። እውነቱን ቢናገር ሊከለከል ወይም ብዙ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። በጤና ኢንሹራንስ ቢሆን ኖሮ እናንተ በ2008 ያወጣችሁት ሕግ ይደርስለት ነበር። የተከበራችሁ አባላት፣ ይህ ሰው ምን እንዲያደርግ ትመክሩታላችሁ? እናቱን ከመድኃኒቱ እንዲያስቀር?

በዚህ ላይ የሚለካበት ቁጥር የእሱ ላይሆን ይችላል። ከላይ የተጠቀሱት ሦስት እጥፍና አሥራ ሁለት እጥፍ የሚሉት ስሌቶች የወጡት ባብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ነው። በ2022 ከአልዛይመር ጋር የተያያዙ 75 የዘረመል ቦታዎችን የለየው ትልቁ ጥናት የተመሠረተውም በእነሱ ላይ ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን ከዮሩባ አዛውንቶች ጋር የተደረገው የረጅም ዓመታት ጥናት ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። እዚያ አራት ቁጥር በብዛት ይገኛል፤ ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። በሽታውም በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሲወዳደር ባነሰ መጠን ነው የታየው፤ በ2001 በወጣው ውጤት በኢባዳን በዓመት 1.15 ከመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 ከመቶ። በኋላ የመጡ ጥናቶችም አፖኢ ያለበት የክሮሞሶም ክፍል ከአፍሪካ የተወረሰ ሲሆን የአራት ቁጥር ጉዳት እንደሚለዝብ አመልክተዋል። በአንጻሩ ኤቢሲኤ7 የተባለው ዘረመል በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ የበለጠ ክብደት እንዳለው በ2013 ታይቷል። ከጎንደር ወይም ከወላይታ የመጣን ሰው በሰሜን አውሮፓ ሰው ሠንጠረዥ መዝኖ ዋጋ መቁረጥ፣ ሳይንስን ጠቅሶ ግምት መሸጥ ነው።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ክርክር መሰማት አለበት፤ ከንቱ አይደለምና። «እኛ የማናውቀውን ደንበኛው ካወቀ፣ የሚገዛን የሚታመመው ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ክፍያው ለሁሉም ይወደዳል» ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። ሪቪል በተባለው ጥናት የአልዛይመር ሕመምተኞች ልጆች የአፖኢ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር። አራት ቁጥር ከተገኘባቸው 17 ከመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንሳቸውን ለውጠዋል፤ ካልተገኘባቸው ግን 2 ከመቶ፣ ውጤት ካልተነገራቸው 4 ከመቶ ብቻ። (ያው ጥናት በ2009 ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ሰዎቹ ውጤቱን በመስማታቸው በተፈራው መጠን አልተጨነቁም፣ አልተሰበሩም። የሚያስፈራው ዜናው ሳይሆን ዜናው የሚያመጣው ጣጣ ነው ያሰኛል።)

ነገር ግን ይህ ገበያ የታመመው በዘረመል ምርመራ አይደለም። ኩባንያዎቹ ውሉን ሲሸጡ ሰው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖር፣ ስንቱ ውሉን እንደሚተውና ወለድ ስንት እንደሚሆን ተሳስተው አስልተዋል። ፔን ትሪቲ የተባለው የዚህ ኢንሹራንስ ሻጭ ኩባንያ በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈረሰ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በጃንዋሪ 2018 በዚሁ በድሮ ውሎች ምክንያት 6.2 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። ያን ጉድጓድ የቆፈረው የደንበኞች አፖኢ አልነበረም፤ ስለዚህ መሙያው የደንበኞች ልጆች ዘረመል ሊሆን አይገባም።

ደግሞም መንገዱ ያልተሞከረ አይደለም። ፍሎሪዳ በ2020 ባወጣችው ሕግ የሕይወትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ሻጮች በሽታው ባልታየበት ሰው ላይ የዘረመል መረጃን ተጠቅመው እንዳይከለክሉና ዋጋ እንዳይለዩ አግዳለች። ካናዳ በ2017 ማንም ሰው ውል ለመዋዋል የዘረመል ምርመራ እንዲያደርግ ወይም ውጤቱን እንዲያሳይ እንዳይገደድ ደነገገች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም በ2020 ሕጉን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አጸናው። በእንግሊዝ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተስማምተው፣ ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነ የሕይወት ኢንሹራንስ በዘር የሚተላለፈውን የሀንቲንግተን በሽታ የምርመራ ውጤት ብቻ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ለኩባንያዎቹ ስጋት ብልህ መልስ ነው፤ ለተራው ቤተሰብ የሚበቃውን ነጻ አድርጎ፣ ከፍተኛ ገንዘብ ላይ ብቻ ጥያቄ ይፈቅዳል። የኢንሹራንስ ሥራ በዚያ አገር አልቆመም።

በቤት ውስጥ ምራቅ አስቀምጦ በፖስታ የሚላከው ምርመራ ሌላው ጣጣ ነው። ምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በኤፕሪል 2017 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ የአፖኢን ውጤት ያለ ሐኪም ለደንበኛ እንዲሸጥ ፈቀደ። ብዙ ወጣት ምርመራውን የሚያዘው ዘሩ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቶ፣ ወይም ለገና ስጦታ ሆኖ ነው። በ2023 በኩባንያው ላይ በደረሰው የመረጃ ስርቆት ወደ 6.9 ሚሊዮን ሰዎች ተነክተዋል፤ በማርች 2025 ደግሞ ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀና የ15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ የፍርድ ቤት ጨረታ ጉዳይ ሆነ። አንድ ሰው የላከው ምራቅ የእህቱም፣ የአጎቱ ልጅም ነው። እነሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ዝምታችሁ የሚጎዳው የኢንሹራንስ ገዢውን ብቻ አይደለም። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ፣ በዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ጥረት፣ በጎልማሳነት የሚይዝ አልዛይመር በዘር የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ለአሥርተ ዓመታት ደማቸውን ሰጡ። ከእነሱ መካከል አንዲት ሴት፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ሊያሳምማት የሚገባውን ለውጥ ይዛ እስከ ሰባዎቹ ድረስ ሳትዘነጋ ኖረች። በ2019 በወጣው ጥናት ምክንያቱ የተፈለገው በዚያው በአፖኢ ላይ በተገኘ ክራይስትቸርች በሚባል እምብዛም የማይገኝ ለውጥ ነው፤ ዛሬ መድኃኒት ፈላጊዎች እሱን ለመምሰል ይጥራሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ በአንድ ኢትዮጵያዊት አያት ደም ውስጥም ሊኖር ይችላል። ቤተሰቧ ግን ለጥናት ሲጠየቅ «ኋላ ልጆቹን ቢያስከለክልስ?» ብሎ ቢመለስ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ተመራማሪዎች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በጥናት አይሳተፉም እያሉ ሲያዝኑ፣ ሕጉ ለተሳታፊው ምን ዋስትና እንደሰጠው መጠየቅ ፍትሐዊ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የሚጠየቀው ይህ ነው። የ2008ቱ ሕግ በሽታው ያልታየበት ሰው በዘረመሉ ወይም በቤተሰቡ የዘረመል ውጤት ምክንያት ከሕይወት፣ ከአካል ጉዳትና ከረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ እንዳይከለከልና ክፍያ እንዳይጨመርበት ተደርጎ ይሻሻል። ለኩባንያዎቹ ስጋት እንግሊዝ እንዳደረገችው በገንዘብ መጠን ላይ የተመሠረተ ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ በዚህ ላይ ለመነጋገር እንቢ የሚል የለም። ረቂቁ እስኪያልፍ ድረስ ግን ሊዘገይ የማይገባው ሥራ አለ፦ የአፖኢ ምርመራ የሚያዝ ሐኪምም ሆነ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ሕጉ ምን እንደማይሸፍን አስቀድሞ በሕመምተኛው ቋንቋ እንዲናገር ይገደድ። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር ለመሥሪያ ቤቶቹ አገልግሎት አማርኛን ከዕውቅ ቋንቋዎች አንዱ ካደረገ ቆይቷል፤ ለሐኪም ቤት ወረቀትም የሚያንስ ቋንቋ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቀጠሮ ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ እንዳይሆን፣ የሠለጠነ አስተርጓሚና የዘረመል አማካሪ ወጪም በሜዲኬር ይሸፈን። የዘረመል መረጃ የያዘ ኩባንያ ሲከስር ወይም ሲሸጥ፣ የደንበኛው ፈቃድ እንደ አዲስ ካልተጠየቀ መረጃው ወደ ሌላ እጅ አይተላለፍ።

ሉዊዝ ስሎተር ያን ሕግ ለማሳለፍ 13 ዓመት ጠብቀዋል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አልፏል፤ በዚህ መካከል ምርመራው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ክሊኒክና ወደ ስጦታ ሣጥን ገብቷል። ጉዳዩን የሚመለከቱት የምክር ቤቶቻችሁ ኮሚቴዎች በዚህ ጉዳይ ሕዝብ የሚሰማበት ጉባኤ እንዲጠሩ፣ ለምስክርነትም ሐኪሞችንና የኢንሹራንስ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን በየነርሲንግ ሆሙ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩትን እንዲጋብዙ ይጠበቃል። የጉባኤው ቀን ሲወሰን፣ ከሌሊት ሥራ የሚወጡት እንዲደርሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቢሆን መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት አባላት
ለሕይወትና ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች
በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ማዕከላት